ከደሞዛችን የተገዛው በሬ

በእኛ ጊዜ ስልሽ የጥንቱን ዘመን እንዳይመስልሽ፤ እኔ የታሰርኩበትን ጊዜ ማለቴ ነው፣ ትናንት ነው፣ ከወጣሁ ገና ሦስት ዓመቴ ነው። በእኛ ጊዜ ታዲያ እስረኛ ለሠራው ሥራ ይከፈለው ነበር ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ ይከፈለው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትማሪያለሽ፣ ጥናት ሥሪ ተብለሻል፣ እና የአያቴ ወንድም ታስሮ ነበር፣ እሱን ልጠይቅ ብለሽ መጣሽ፤ ደግ አደረግሽ። ይሄ ጴጥሮስም ጎረቤቴ ነው፣ ቁጭ ብሎ ይስማ፤ የእስር ቤቱን ወሬ ሁሉ አጫውቼዋለሁ፣ ይሄኛውን ግን አላጫወትኩትም። የቤቱን ስም ግን እንዳትጽፊ፣ አስቴር። እዚሁ ወላይታ ውስጥ ነው በይና እለፊው። ቤቱ ምንም አላደረገኝም፤ ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ስትሰሚ ይገባሻል።

ለምን እንደታሰርኩማ ታውቂያለሽ። ገሱባ አጠገብ ያለችው መሬታችን፣ እንሰቱ ዳር፣ ድንበር ገፋህ አልገፋሁም ተባብለን ሰውየውን በዱላ መታሁት፣ ክንዱ ተሰበረ፣ እጁ ሥራ የማይሠራ ሆኖ ቀረ፤ እና አምስት ዓመት ተፈረደብኝ። ስልሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው እንግዲህ። ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ወንድማማች ያስታረቅኩ ሰው፣ ቀበሌው ጠብ ሲነሳ «ጋሼ ባሳ ይጠራ» የሚልልኝ ሰው፣ በገዛ እጄ ገባሁ። እሱን ተዪው አሁን፤ ነገርን ነገር ያነሳዋል፣ እሱን ከጀመርኩ እዚያው እቀራለሁ።

ክፍያው እንዲህ ነው፣ ጻፊ። ሥራ ማንም አያስገድድሽም። የፈለገ ይመዘገባል፤ እንጨት ሥራ አለ፣ ብረት አለ፣ ሸማ አለ። እኔ ሸማ ገባሁ፤ በልጅነቴ አባቴ አስተምሮኝ ነበር፣ ዓይኔ ቢደክምም እጄ አልረሳውም። የምንሠራው ዱንጉዛ ነው፣ ያንን ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ያለበትን፣ ለጊፋታ፣ ለአዲስ ዓመታችን፣ ሰው ሁሉ የሚለብሰውን። ክሩን አንድ የስልጤ ነጋዴ ከሶዶ በዱቤ ይሰጠናል፤ ደግ ሰው ነው፣ ለእስረኛ ማን ዱቤ ይሰጣል? እና እኛ እንሸምናለን፣ በሩ አጠገብ ሱቅ አለች፣ እዚያ ይሰቀላል። የተሸጠ እንደሆነ መጀመሪያ የክሩ ዋጋ ይነሳል፣ ቀጥሎ የቤቱ ድርሻ ይነሳል፣ የተረፈው የሠራው ሰው ነው። የተረፈውም እንዳለ አይሰጥሽም፤ ገሚሱ በስምሽ ይቀመጣል፣ የተፈታሽ ቀን ነው የምትወስጂው፣ ከዚያ በፊት እናቴ ሞተች ብትዪ አይነካም፣ ደንቡ ነው። ገሚሱ እጅሽ ላይ ይገባል። ጻፍሽ? እጅ ላይ የሚገባው ስንት ነው በይኝ እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ ሸምኜ፣ ሦስት ሳሙና የሚገዛ። አንዳንድ ሳምንት ሁለት።

አትሳቂ፣ ትንሽ አይደለም። ጠያቂ የሌለው ሰው አለ፣ ዓመት ሙሉ ማንም በሩ ላይ የማይጠራው። ያ ሰው የሌላውን ሳሙና እያየ ነው የሚታጠበው። ታዲያ ያቺን ብር የተቀበለ ቀን አንገቱ ቀና ይላል፣ ለጎረቤቱ «ና፣ በእኔ ሳሙና ታጠብ» ይላል። ይሄን አይቻለሁ። ስለዚህ ደሞዝ ነው የምንለው። አንዳንዱ ዋርድያ ይስቅብን ነበር፣ «ደሞዝተኞች ወጡ ደግሞ» እያለ፤ እኛ ግን ደሞዝ ነው ያልነው።

አሁን ስለ ማሻ ልንገርሽ፤ ወሬው የእሱ ነው። ማሻ እኔ አጠገብ የሚሸምን ሰው ነው። ከበዴሳ ወዲያ ነው አገሩ፣ ሞተር እየነዳ ሰው የሚያመላልስ ነበር፣ ሰው ገጭቶ ሰውየው ሞተበት፣ እና ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸማ አያውቅም ነበር፤ እኔ ነኝ መወርወሪያ ያስያዝኩት። ስንት ክር በጠሰብኝ፣ ስንት ቀን ሰደብኩት፣ መልሶ ይቋጥራል። ሚስቱ አመነች ትባላለች፣ በወር አንዴ ትመጣለች፣ ቦዬ የሚባለውን ሥር ቀቅላ፣ የበርበሬ ማባያውን ዳታ በጠርሙስ ይዛ። ሦስት ልጅ አላቸው። ትልቋ ብርቄ ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አንዳንዴ ከእናቷ ጋር ትመጣ ነበር። እና እኔን አያት ብላ ትጠራኝ ነበር፣ ማንም ሳያስተምራት።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ጊፋታን እስር ቤት አከበርን። አከበርን ይባላል? ደረቅ ቆጮ እና ጎመን በላን፣ ከውጭ ያመጣለት ሰው ሥጋውን ቆራርጦ አካፈለ፣ ለእያንዳንዱ የጣት ጥፍር የምታህል ደረሰችው። አዘንኩ። እና በማግስቱ ሸማ ክፍል ውስጥ ተነስቼ፣ «እናንተ ሰዎች፣ እኛ ወላይታ ነን ወይስ አይደለንም?» አልኳቸው። «የአገራችን ወንድ ዓመቱን ሙሉ እያጠራቀመ ለጊፋታ በሬ አይገዛም ወይ? እኛ እጃችን ተቆርጧል? ደሞዝ አለን እኮ» አልኳቸው። ሃያ ሁለት ነን። እና በየሳምንቱ ሁሉም ሰው የአንድ ሳሙና ዋጋ ያዋጣ፣ ለመጪው ጊፋታ በሬ እናርዳለን አልኩ። እንዴት ደስ አላቸው! አንዱማ፣ ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው፣ አለቀሰ።

ሰብሳቢ ማን ይሁን ተባለ፤ ማን ይሆናል፣ እኔ ሆንኩ። የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ሳጅን ወርቅነሽ ትባላለች፣ ቆፍጣና ሴት ናት፣ ግን ልቧ ንጹሕ ነው። ከደሞዛችን ላይ በየሳምንቱ ቆርጣ ታስቀምጥልናለች። «አባባ፣ ይህ ገንዘብ የሚወጣው እኔም እርስዎም ስንፈርም ነው። አንዳችን ብቻ ብንፈርም አይወጣም» አለችኝ። ጥሩ ነው አልኩ። ኮራሁ እኮ። አየሽ፣ ውጭ ስሜን አጥፍቼ ገብቼ፣ እዚያ ፊርማዬ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ሆንኩ።

ታዲያ የበሬ ማህበር ደንብ አለው፤ ጴጥሮስ ያውቃል፣ አንቺ ከተማ አድገሽ አታውቂው ይሆናል። ለበሬ የገባ ብር ብር አይባልም። በሬ ሆኗል። ሰው ቸገረኝ ብሎ አያወጣውም። ለምን ብትዪ፣ ማን የማይቸግረው አለ? አንዱ ካወጣ ሌላውም ያወጣል፣ ከዚያ ጊፋታ ሲደርስ ሃያ ቤት ልጅ አፉን ከፍቶ ይቀራል። አባቴ የመንደራችን ገንዘብ ያዥ ሆኖ ለገዛ ወንድሙ ከልክሏል። ወንድሙ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለምኖታል፣ ከልክሎታል። እና አገሩ ሁሉ አባቴን እንዴት እንዳመሰገነው! እኔ ያንን እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ዓመቱ እንዲህ እያለ ሄደ፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሆነ፣ ለጊፋታ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ማሻ ስልክ መጣልህ ተባለና ወጣ። ሲመለስ ፊቱን አየሁት። የሽመና እንጨቱ ላይ አልተቀመጠም፣ ከእኔ ፊት ቆመ።

«ብርቄ ሆዷ ተነፍቷል» አለኝ። «ሁለት ቀኗ ነው፣ የበላችው አይረጋም። የጤና ኬላዋ ልጅ አንጀቷ ሳይሆን አይቀርም፣ ዛሬውኑ ሶዶ ሐኪም ቤት አድርሷት ብላለች። አመነች እጇ ላይ ምንም የለም።»

እግዚአብሔር ይማርልህ አልኩት።

«ጋሼ ባሳ፣ የእኔን ይስጡኝ» አለኝ። «የሁሉንም አላልኩም። እኔ ያዋጣሁትን ብቻ።»

ይሄውልሽ። እዚህ ላይ ነው። እኔ ምን አልኩት? «ማሻ፣ የአንተ የሚባል እኮ የለም። በሬ ሆኗል» አልኩት።

«በሬው ገና አልተገዛም እኮ» አለኝ።

ለእኔ ተገዝቷል፣ አልኩት። እና ያን የአባቴን ታሪክ አጫወትኩት። አስቢው፣ ልጁ ሆዷ ተነፍቶ አልጋ ላይ ያለች ሰው ፊቴ ቆሞ፣ እኔ የአባቴን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረክሁለት፤ ወንድሙ በሩ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ፣ አባቴ እንዴት እንዳልተበገረ፣ ሁሉንም። ቆሞ ሰማኝ። ማሻ ጨዋ ነው፣ ሽማግሌ ሲናገር አያቋርጥም። ምነው አቋርጦኝ በሆነ፣ ምነው በሰደበኝ።

ከዚያ ሳጅን ወርቅነሽ ጠራችኝ። ለካ መጀመሪያ እሷ ጋ ሄዷል። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ እስክሪብቶ ይዛ፣ «ይፈርሙ አባባ፣ እኔ ፈርሜያለሁ» አለችኝ። አየሁት፣ ፈርማለች። አይሆንም አልኳት። «ምን ማለት ነው አይሆንም? የራሱ ደሞዝ እኮ ነው፣ ሠርቶ ያገኘው ነው» አለች። ልጄ፣ አንቺ ባህላችንን አታውቂም አልኳት። «እኔም ሶዶ ነው የተወለድኩት» አለችኝ። እንግዲያው ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ አልኩና እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ፣ እንዲህ፣ እንደ ልጅ። አስቂኝ ነገር እኮ ነው፣ ሽማግሌ ሰው እጁን ከእስክሪብቶ ሲደብቅ። ሌላ ገንዘብ የለም ወይ አልኳት፣ በስሙ የተቀመጠው። እሱ እስኪፈታ አይነካም፣ ደንቡ ከእኔ በላይ ነው አለች፤ የእርስዎ ደንብ ግን ከእርስዎ በላይ አይደለም አለችኝ። ይቺን ቃል ሰምቼ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው እውነቷን ነው።

እንዲያው ክፉ ሰው ሆኜ አይምሰልሽ። ክፉ ሰው ብሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እኔ ያሰብኩት፣ ሃያ ሁለት ሰው ነው፣ ለአንዱ ብፈታ የአንዱ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ የአንዱ ወንድም ጠበቃ ይፈልጋል፣ የአንዱ እናት ዓይኗ ጠፍቷል፣ ነገ ሁሉም ይመጣል ብዬ ነው። ይሄ እውነት ነው። ግን ሁሉ እውነት አይደለም። አንቺ ሕግ ተማሪ ነሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ከዚያ በታች ሌላ ነገር ነበረኝ። ጋሼ ባሳ እስር ቤት ገብቶ እንኳ በሬ አሳረደ እንዲባል ፈልጌ ነበር። ያ ክንዱን የሰበርኩት ሰውዬ እንዲሰማ ፈልጌ ነበር። ለእኔ ያ በሬ ስሜ ነበር።

እና ምን አደረግኩ? ብልሃት አገኘሁ። በሬው አይነካም፣ ግን መዋጮ እናድርግ አልኩ። ሸማ ክፍሉን ሰበሰብኩ፣ ወንድማችን ተቸግሯል፣ ያላችሁን አውጡ አልኩ። ያላቸው ምን ነበር? ደሞዛቸውን በየሳምንቱ ለበሬ ቆርጬባቸዋለሁ። አንዱ አሥር ብር፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ያልተከፈተ ሳሙና አመጣ፣ እሱን ዋርድያው ገዛን። ሰበሰብኩና ለማሻ ሰጠሁት፣ ማሻ ደግሞ ሊጠይቀው ለመጣ ለአጎቱ ልጅ ሰጥቶ ላከው። እኔም ደስ አለኝ! ደንቡንም ጠበቅሁ፣ ሰውየውንም ረዳሁ ብዬ፣ ያን ዕለት እራቴን በልቼ፣ ከሰው ጋር ስቄ ተኛሁ።

ብሩ በዴሳ ድረስ አደረሳቸው። በዴሳ ላይ አለቀ።

ይሄን የነገረችኝ አመነች ራሷ ናት፣ በኋላ። ልጅቷን አዝላ ከቀበሌያቸው በሞተር ወጣች፤ ጭቃ ነው፣ ሞተሩ ሁለቴ ወድቋል፣ ነጂውም ለጭቃው ብሎ እጥፍ አስከፈላት። በዴሳ ጤና ጣቢያ አሳየቻት፣ አሁኑኑ ሶዶ ውሰጂያት አሏት። ወደ መናኸሪያ ወረደች። ሚኒባሱ ቆሟል፣ ረዳቱ ሶዶ፣ ሶዶ ይላል። ለአንድ ሰው መሄጃ አላት። መመለሻ የላትም፣ የሐኪም ቤት የላትም፣ የመድኃኒት የላትም። ባዶ እጄን ሐኪም ቤት ገብቼ ምን ልባል ነው ብላ ፈራች። ሰው ፊት መቆም አሳፈራት ልበልሽ። ማሻ እንደገና ይልክልኛል፣ ሲልክ እመለሳለሁ ብላ ልጅቷን እንዳዘለች ዞረች። ሳጅን ወርቅነሽ ይሄን ስትሰማ «ሐኪም ቤቱ እኮ አይመልሳትም ነበር፣ መጀመሪያ ያክሟት ነበር» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ግን ያንን መናኸሪያው ላይ ቆሞ ለአመነች ማን ይንገራት? እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ። እኔ ሶዶ ኦቶና ሐኪም ቤት ድረስ ስንት በሽተኛ አድርሻለሁ፣ አሠራሩን አውቃለሁ። ሂጂ፣ ዝም ብለሽ ግቢ የሚል አንድ ቃል ከብሩ ጋር ብልክ። አልመጣልኝም፤ ሐሳቤ ሁሉ በሬው ላይ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ብርቄ ሞተች።

የሰማነው ከተቀበረች በኋላ ነው፣ ጠያቂ መጥቶ። ማሻን በሩ ላይ ጠሩት፣ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንጨቱ ላይ ተቀመጠ። ያለቅሳል ብለን ቆምን። መወርወሪያውን አነሳ። ሸመነ። እስከ ማታ ድረስ አንድ ክር አልበጠሰም። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነው፣ ክንዳችን ይነካካል፤ ወደ እኔ አልዞረም፣ እኔም ወደ እሱ መዞር አልቻልኩም።

በማግስቱ ሮጬ ሳጅን ወርቅነሽ ጋ ሄድኩ። ልፈርም፣ አምጪው አልኳት። «ለምን አባባ?» አለችኝ፣ ይሄንኑ ብቻ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር። ቢሆንም ፈረምኩ፣ የማሻን ድርሻ አስወጣሁ፣ ይዤለት ሄድኩ። ማሻ፣ ይኸው የአንተ፣ ለለቅሶው ይሁን አልኩት። እጁን አልዘረጋም። ቀና ብሎ አየኝ።

«አሁንማ በሬ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።

ቁጣ የለበትም። የእኔን ቃል ለእኔው ነው የመለሰልኝ፣ በትሕትና። ብሩን መልሼ አስገባሁ። ምን ላደርገው እችላለሁ፣ ልጥለው?

በሬው ተገዛ። ከየት ተገዛ መሰለሽ? ከበዴሳ ገበያ። እዚያች አመነች ከዞረችበት ከተማ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ መጣ። ቀይ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየው፣ ዋርድያዎቹ ሳይቀሩ ዳሰሱት። እኔን እንኳን ደስ አለዎት ይሉኛል። ይቅር፣ እንሽጠው ልል አስቤ ነበር፤ ግን ሃያ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ከሳሙናው እየቀነሰ የቆጠበበት ነው፣ እነሱ ምን አደረጉ? ተውኩት።

ጊፋታ ደረሰ። ታረደ። ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ ሃያ ሁለት ቦታ ተመደበ፣ እኩል በእኩል፣ ጉበቱም ጨጓራውም ሳይቀር። ዳታ ከውጭ ገባ። እና ከመበላቱ በፊት፣ ጴጥሮስ፣ ምን ይደረጋል? አዎ። ሽማግሌ ተነስቶ ቂም የያዘ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በእኛ አገር ሰው ቂም ይዞ ወደ አዲስ ዓመት አይሻገርም፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ይቅር ይባባላል፣ ከዚያ ነው የሚበላው። ይቅር የማይል ሰው ሰው አይባልም። ሽማግሌው ደግሞ ማን ነው? እኔ ነኛ። ሃያ ሰው ይጠብቀኛል። ተነሳሁ። «ቂም የያዘ አለ?» አልኩ።

ማሻ ተነሳ።

«እኔ አለኝ» አለ። «በጋሼ ባሳ ላይ።»

ለምን እንደሆነ አልተናገረም፣ ሁሉም ያውቃል። እኔ በልቤ አመሰገንኩት። ይናገር፣ ይርገመኝ፣ ሥጋውን ፊቴ ላይ ይወርውረው አልኩ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ቂም ይዞብኝ ቢኖር እመርጥ ነበር፤ ለብርቄ ቂም እንኳ ቢያዝላት ምንድነው? ግን እነዚያ ሰዎች ከበቡት። «ማሻ፣ ጊፋታ ነው። ማሻ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ማሻ፣ ሽማግሌ ነው፣ አባትህ ነው፣ ለባህሉ ስትል» አሉት። ለባህሉ ስትል! በእሱ ላይ እኔ ባህል አልኩ፣ ልጁ ሞተች፤ አሁን ደግሞ በባህል ይቅር እንዲለኝ ያዙት። ተዉት ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይቅርታውን ፈለግኩት እኮ። እንደ ውሃ ጠማኝ።

መሬት መሬት አየ። ከዚያ «ይቅር ብያለሁ» አለ።

እና መጎራረስ አለ። የታረቁ ሰዎች ከአንድ ሥጋ ይጎራረሳሉ፣ ያልጎረሰ አልታረቀም። ከእኔ ድርሻ ቆረጥኩ፣ ዳታ ውስጥ ነከርኩ፣ ወደ አፉ ወሰድኩት። አፉን ከፈተ። ጎረሰ። አላመጠ፣ ብዙ አላመጠ፣ ዋጠው። ከዚያ እሱ ቆረጠ እና እኔን አጎረሰኝ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ ዘፈኑ ተጀመረ። ሳጅን ወርቅነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ፊቷን አዞረች።

ምን? በይ ጠይቂ። ማሻ? ተፈቷል፣ ከእኔ በኋላ በዓመቱ። የተቀመጠለትን ደሞዝ ተቀብሎ ሞተር ተከራየ፣ በዴሳ ነው የሚነዳው። ባለፈው ገበያ ሄጄ አየኝ። ከሞተሩ ወረደ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፣ «ጋሼ ባሳ፣ ልሸኝዎት» አለ። ከኋላው ተቀመጥኩ። እስከ መንገዱ መጨረሻ አደረሰኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ጀርባውን ይዤ ያን ሁሉ መንገድ ስሄድ ስሟን ልጠራለት ፈልጌ ነበር፣ ብርቄ ልል። አላልኩም። እሱም አልጠራት። ታርቀናል እኮ፤ የታረቀ ሰው ነገሩን አያነሳም። እንዳላለቅስላት እንኳ እርቁ አፌን ዘጋው።

ጴጥሮስ፣ ምን አልክ? ባህሉ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ? ተው እንጂ። ባህል እስክሪብቶ ሰጥቶ አልከለከለኝም። እጄን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ያቺ ሴትዮ ፈርማ ነበር፣ አንድ መስመር ነበር የቀረው። አባቴም ቢሆን፣ አሁን ሳስበው፣ ያ በሩ ላይ የተቀመጠው ወንድሙ ለምን ነበር የለመነው? ምን ቸግሮት ነበር? ሕይወቴን ሙሉ ያንን ታሪክ ሳወራ ኖሬ እሱን አንድ ቀን አልጠየቅኩም፣ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

አስቴር፣ አንቺ ስለ ክፍያ ነው የጠየቅሽኝ፣ እኔ ሌላ ዘበዘብኩብሽ። ክፍያው ጥሩ ነው ብለሽ ጻፊ፣ ትንሽ ናት ብለሽ ጻፊ፣ ሰው ታደርጋለች ብለሽ ጻፊ፣ እንደፈለግሽ። ይቅር ብሎሃል ወይ ነው ያልሽኝ? ብሎኛል፤ ሃያ ሰው እየሰማ ብሎኛል፣ አፉ ውስጥ ከትቼለት ውጦታል። እኔ ብሆን አልጎርስም ነበር።